«ስንት ነው?» እና «እስከ ስንት ይፈቀዳል?»

ኢኩዌሽን ስንማር አንድ ቁጥር ላይ ስንደርስ ከሥሩ አስምረን እፎይ እንል ነበር። ቀጥሎ ኢንኢኳሊቲ መጣ። «ያው ነው፤ ብቻ በኔጌቲቭ ስታባዙ ምልክቱን አዙሩ» ተባልን፣ ታለፈ። ለምን እንደሚዞር የጠየቀም ያስረዳም አልነበረም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። 2 ብር ከ5 ብር ያንሳል። ዕዳ ሲሆን ግን 2 ብር ያለበት ሰው 5 ብር ካለበት ይሻላል። ኔጌቲቭ ማለት ይኸው ነው።

ኢንኢኳሊቲን የኢኩዌሽን ጭራ ማድረግ የኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ለአልጀብራ ስሙን የሰጠው አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ሲጽፍ በስድስት ዓይነት የከፈለው ኢኩዌሽኖችን ነው። የ«=» ምልክት በሮበርት ሬኮርድ መጽሐፍ የታተመው በ1557 እ.ኤ.አ. ነው። «<» እና «>» ግን የወጡት ከ74 ዓመት በኋላ፣ በ1631፣ ቶማስ ሃሪየት ከሞተ 10 ዓመት አልፎት በታተመለት መጽሐፍ ነው።

ሐሳቡ ግን ከምልክቱ እጅግ ይቀድማል። አርኪሜዲስ ከ2,200 ዓመት በፊት ፓይን ሲፈልግ «ይህን ያህል ነው» አላለም። በክቡ ውስጥና ውጭ ባለ 96 ጎን ቅርጽ እያሰላ ከ223/71 ይበልጣል፣ ከ22/7 ያንሳል አለ። ልብ በሉ! እኛ «ፓይ 22/7 ነው» ብለን የሸመደድነው እሱ ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠውን ቁጥር ነው። ወለሉን ጣልን፣ ጣሪያውን መልስ አደረግነው።

ጭራ የተባለው ነገር ዋጋው የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሌኒንግራድ ውስጥ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ከአንድ የኮምፖንሳቶ ድርጅት ጥያቄ ቀረበለት፦ የትኛውን እንጨት በየትኛው ማሽን ብንሠራ ምርታችን ከፍ ይላል? ማሽኑ ከዚህ ሰዓት በላይ አይሠራም፣ እንጨቱም ከዚህ አይበልጥም። ሁሉም ገደብ ነው። የሚያዋጣ መልስ ብዙ ነው፤ ጭንቁ ከተፈቀደው ውስጥ የተሻለውን መምረጥ ነው። ዘዴውን በ1939 አሳተመ። በ1947 አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ የእሱን ሥራ ሳያውቅ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ አገኘ። ካንቶሮቪች በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ደመወዝ ከወር እስከ ወር ማድረስ ኢኩዌሽን ነው? የመድኃኒት መጠንስ? ድልድይ የሚችለው ጭነትስ? ሁሉም «ከዚህ አይብለጥ፣ ከዚህ አይነስ» ነው። ልጆቻችንን ግን ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለው አድርገን እናሳድጋለን። ከዚያ አድገው የተለየ መልስ የያዘውን ሁሉ «ተሳስተሃል» ሲሉት እንገረማለን። ኢንኢኳሊቲ የሚያስተምረው ሌላ ነው፦ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቁጥር ይዘው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ልክ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ድንበሩን ያለፈ አልፏል።

መምህራን ሆይ፣ ለዚህች ምዕራፍ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ጨምሩላት።