ወቅትን በእግር ማንበብ፦ የኑንጋር ሕዝብ የዱር ጉዞ እንደ ዕውቀት ሥርዓት

በምዕራብ አውስትራሊያ ርእሰ ከተማ በፐርዝ፣ ከመሀል ከተማው አናት ባለው ኮረብታ ላይ፣ 400 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ኪንግስ ፓርክ ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የተፈጥሮ ዱር ነው። የምድሩ ነባር ባለቤቶች፣ ዋጁክ የሚባሉት የኑንጋር ሕዝብ ወገኖች፣ ቦታውን ካርታ ኩምባ ይሉታል። ዛሬ የኑንጋር አስጎብኚዎች እንግዶችን በዚህና በመሰል ዱሮች እየመሩ ስለ ዕፀዋቱና ስለ እንስሳቱ ያስተምራሉ። ጉዞውን የቱሪዝም አገልግሎት ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ጉዞው የራሱ ማስረጃ፣ የራሱ ዘዴና የራሱ ሥነ ምግባር ያለው የዕውቀት ሥርዓት ነው የሚል ነው። ጽሑፉ የሚጠቀመው የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ነው።

የምልክቶች ዘመን አቆጣጠር

ኑንጋሮች ዓመቱን ለስድስት ይከፍሉታል፦ ቢራክ፣ ቡኑሩ፣ ጄራን፣ ማኩሩ፣ ጂልባና ካምባራንግ። በጽሑፍ ሲቀመጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወር ይሰጠዋል፤ ቢራክም በዲሴምበር ይጀምራል። ይሁን እንጂ ወቅቱን የሚያስገባው የምልክቶች መገጣጠም እንጂ የወር መባቻ አይደለም። በቡኑሩ ሙቀቱ ሲያይል፣ ከባሕር ዛፍ ወገን የሆኑት ጃራና ማሪ ነጭ አበባ ያወጣሉ። በጄራን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጉንዳኖች ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ዝናባማው ማኩሩ ሲገባ ማሊ የሚባሉት ጥቁር ስዋኖች ለመራባት በየሐይቁ ይሰበሰባሉ፤ ሰዎችም ቀድሞ ከባሕሩ ዳርቻ ርቀው ወደ መሀል አገር ይዘልቁ ነበር። በጂልባ ግራሮች ቢጫ ይለብሳሉ። በካምባራንግ ምድሩ በአበባ ይሸፈናል፤ እባቦችም ከተደበቁበት ይወጣሉ።

እንዲህ ያለውን አቆጣጠር በሠንጠረዥ ብቻ መማር አይቻልም። አንድ አበባ ብቻውን ቢፈካ ማስረጃው ደካማ ነው፤ አበባው፣ ነፋሱና የወፉ ጠባይ ሲስማሙ ግን ድምዳሜው ይጸናል። አስጎብኚው እየቆመ የሚያሳየው ይህንን የማመሳከር ሥራ ነው። ያው መንገድ በሌላ ወቅት ሲሄዱበት ትምህርቱ ሌላ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ጂሪጂና ሙጃር

የዕውቀቱን ጥልቀት ለማየት ጂሪጂን መመልከት ይበቃል። ይህ ዘንባባ መሰል ተክል በሳይንሱ ሳይካድ ከሚባለው ጥንታዊ የዕፀዋት ወገን ነው። በቡኑሩ በሴቴዋ ተክል ላይ ያለው ትልቅ የፍሬ ጥቅል እየበሰለ ሲሄድ ፍሬዎቹ ደማቅ ቀይ ይሆናሉ። ያማሩ ቢሆኑም መርዛማ ናቸው። በ1697 ከደች መርከበኛው ከዊለም ደ ቭላሚንግ ጋር የመጡ ሰዎች ፍሬውን እንዳለ በልተው በብርቱ ትውከት ታመዋል። ኑንጋሮች ግን በውኃ ዘፍዝፈውና በአሸዋ ጉድጓድ ቀብረው ካቆዩት በኋላ ቀዩን ሥጋ ይመገቡት ነበር። እንግሊዛዊው ጆርጅ ግሬይ በ1841 ባሳተመው የጉዞ ዘገባው ይህን ሥራ ሴቶች እንደሚያከናውኑት ጽፏል። ፍሬው የሚለቀምበትን ጊዜ፣ የሚዘፈዘፍበትን ልክና የሚቀበርበትን መንገድ ለይቶ ማወቅ በትውልዶች ሙከራና ጥንቃቄ የተገኘ ውጤት ነው።

ሙጃር ደግሞ መታቀብን ያስተምራል። ይህ ዛፍ ከተቀጽላዎች ወገን ሲሆን፣ በሥሩ የጎረቤት ዕፀዋትን ሥር እየቆረጠ ውኃና ማዕድን ይስባል። በካምባራንግ ማብቂያ ብርቱካንማ ቢጫ አበባው ሲፈነዳ ሙቀቱ መቃረቡን ያበስራል። በኑንጋር ትውፊት የሟቾች መንፈስ ወደ ማረፊያው ከመሻገሩ በፊት በሙጃር ላይ ይቆያል። ስለዚህ አበባው አይቀጠፍም፤ ከጥላውም ሥር አይታረፍም። ያንኑ ዛፍ እንደ ወቅት ምልክት የሚያነበው ሥርዓት ክብሩንም ይጠብቃል፤ ማወቅና ማክበር አብረው ይማራሉ።

የተቋረጠ ቅብብሎሽ

ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ የደረሰው በብዙ መከራ ውስጥ አልፎ ነው። በ1829 የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሲመሠረት ኑንጋሮች ከምድራቸው መገፋት ጀመሩ። ዱሩን በጥንቃቄ፣ በትንንሽ እሳት፣ በቢራክ ወቅት የማቃጠል ልማዳቸውን በ1847 የወጣ ሕግ በቅጣት ከለከለ። በ1905 የወጣ ሌላ ሕግ መንግሥት ልጆችን ከወላጆቻቸው እንዲነጥል ሥልጣን ሰጠ፤ ልጅ ከአያቱ ጋር ካልሄደ ደግሞ በእግር የሚወረስ ዕውቀት መተላለፊያ ያጣል። ከ1927 እስከ 1954 ድረስ ነባር ሕዝቦች ያለ ፈቃድ ወደ መሀል ፐርዝ እንዳይገቡ ታግደው ነበር። እንግዲህ ዛሬ አንድ ኑንጋር በዚያችው ከተማ አናት ላይ ሆኖ ስለ አገሩ ሲያስተምር፣ የተነጠቀ የመናገር ሥልጣን እየተመለሰ ነው። በ2021 በሥራ ላይ የዋለው የደቡብ ምዕራብ የመሬት ስምምነት 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ያካልላል። ስምምነቱ ለኑንጋሮች የምድሩ ነባር ባለቤትነት ሕጋዊ ዕውቅና ቢጨምርም፣ ዕውቀቱ የሚቀጥለው መንገዱን ከልጆች ጋር በሚሄዱ ሰዎች ነው።

ማጠቃለያ

የደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የቀዝቃዛው ወራት ዝናብ ከ1970 ወዲህ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ወራት በቦታቸው ቆመው ወቅቶች በሚዛነፉበት በዚህ ጊዜ፣ በምልክት የሚቆጥር ሥርዓት ለውጡን ከምንጩ የማየት ዕድል አለው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋማት የኑንጋር ሽማግሌዎችንና አስጎብኚዎችን እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ ምሁር ሊቀበሏቸው ይገባል። ይህ ማለት ለዕውቀታቸው መክፈል፣ በጥናት ላይ ስማቸውን ማስፈርና ምን ለሕዝብ እንደሚነገር፣ ምን በቤተሰብ ውስጥ እንደሚቆይ የመወሰን መብታቸውን ማክበር ነው። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ የሚሰበሰብ ዕውቀት፣ ዓላማው ጥበቃ ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞ ምድሩ ላይ የተፈጸመውን ነጠቃ በሌላ መልክ ያስቀጥላል።