በሳይንስ ልብ ወለድ የሚና ጨዋታዎች ስለ መሐንዲሱ ገጸ ባሕርይ አመጣጥ

የሚና ጨዋታ የሚባለው ተጫዋቹ አንድ ሰው ፈጥሮ፥ ለዚያም ሰው ሙያና ችሎታ ሰጥቶ፥ በተዘጋጀ ታሪክ ውስጥ የሚጓዝበት ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ይህን የልጆች መዝናኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ሙያዎቹ እንዴት እንደ ተከፈሉ ሲመረመር፥ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ስለ ዕውቀትና ስለ እጅ ሥራ ያላቸው አሳብ ይገለጣል። እዚህ የምንመለከተው ኮምፒዩተር የሚከፍተውን፥ መሣሪያ የሚጠግነውንና መኪና የሚያዝዘውን ገጸ ባሕርይ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳይንስ ሳይሆን ከተረት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ሲሆን፥ ሦስት ሙያ ብቻ ነበረው፤ እነርሱም ተዋጊ፥ አስማተኛና ካህን ናቸው። በ1975 ቁልፍ የሚከፍትና ወጥመድ የሚያከሽፍ ሌባ ተጨመረ። ኋላ ስለ ጠፈር የተሠሩት ጨዋታዎች ይህን አከፋፈል ሲወርሱ፥ ለመሐንዲሱ የተዘጋጀ ወንበር አልነበረም። ስለዚህ ከሌባው ቁልፍ መክፈትን፥ ከአስማተኛው ከሩቅ መምታትን ወረሰ። የራሱ የሆነው ጥገና ግን ቦታ ለማግኘት እስካሁን ይቸገራል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘው በ1977 ማርክ ሚለር ያዘጋጀው «ትራቨለር» ነው። በዚህ ጨዋታ ሰውየው ከዐሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ በባሕር ኃይል ወይም በነጋዴ መርከብ ወይም በሌላ አገልግሎት አራት አራት ዓመት እያገለገለ ሙያውን ይለምዳል። ምህንድስናም ሆነ ኤሌክትሮኒክስ የሚገኘው ከዚህ አገልግሎት ነው። ብዙ ያገለገለ ብዙ ያውቃል፥ ግን ያረጃል፤ ዳይሱ ካልቀናውም ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል። ይህ ደንብ ጨካኝ ቢመስልም፥ ሙያ ዕድሜን ከፍሎ የሚገኝ መሆኑን ያወቀ ደንብ ነው።

በኮምፒዩተር ከተሠሩት መካከል የ1988ቱ «ዌስትላንድ» የዳቦ መጥበሻ መጠገንን ሳይቀር እንደ አንድ ችሎታ ቈጥሮታል። ተጫዋቾች ቢስቁበትም ከመጥበሻው ውስጥ ዕቃ ይገኝ ነበር። የዚሁ መንፈስ ወራሽ የሆነው የ1997ቱ «ፎልአውት» ግን ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል። እዚያ ሰባት ጠባዮችና ዐሥራ ስምንት ችሎታዎች አሉ። ተጫዋቹ ሦስቱን ችሎታዎች ዋና አድርጎ ይመርጣል። ብልኅነቱ ከፍ ባለ መጠንም በየደረጃው የሚያገኘው የችሎታ ነጥብ ይበዛል። ጥገናንና ሳይንስን የመረጠ ሰው ታዲያ ምን ያገኛል? እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰዓት ምንም አያገኝም፤ ጠብመንጃ የመረጠው ጓደኛው በየመንገዱ ሲጠቀም እርሱ ይጠብቃል። ነገር ግን ታሪኩ የሚነሣው የመጠለያው ውኃ ማጣሪያ ቺፕ በመበላሸቱ ነው፤ ተጫዋቹም በ150 ቀን ውስጥ ምትክ መፈለግ አለበት። ቺፑ ኔክሮፖሊስ በተባለች የፈራረሰች ከተማ ይገኛል። እርሱን ነቅሎ የሚሄድ ሰው ግን የዚያችን ከተማ ነዋሪዎች ውኃ ያሳጣቸዋል። ቁርጥራጭ ዕቃ ፈልጎ የውኃውን ፓምፕ መጠገን የሚችል ሰው ቢመጣ፥ የራሱን ወገን ሲያድን ሌላውን አይገድልም። እኔ እስከማውቀው ድረስ የጠጋኝ ሙያ ይህን ያህል ክብር ያገኘበት ሌላ ቦታ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ጥቂት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1999፥ «ሲስተም ሾክ 2» ወጣ። ተጫዋቹ ከሦስት የጦር ክፍሎች አንዱን ይመርጣል፥ ሦስት ዓመትም ያገለግላል፤ «ትራቨለርን» ያስታውሳል። ባሕር ኃይልን የመረጠ መሐንዲስ ወደ መሆን ያዘነብላል። በመርከቧ ላይ ጠብመንጃ በተተኰሰ ቍጥር ያረጃል፥ በመጨረሻም ይሰበራል፤ ስለዚህ ጥገና ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። የጠላትን አካል ለመመርመር ደግሞ ከመርከቧ መጋዘን ትክክለኛውን ኬሚካል ማምጣት ያስፈልጋል፤ ምርምሩ ሲያበቃ በዚያ ጠላት ላይ የሚሰነዘረው ምት ይበረታል። የጥበቃ መድፍ ጠልፎ ለራስ ማሠራትም ይቻላል፤ ሙከራው ክፉኛ ከከሸፈ ግን መሣሪያው ይበላሻል። ዕውቀት እዚህ ጊዜን፥ ዕቃንና ስሕተትን የሚጠይቅ ነገር ነው።

በ2007 የወጣው «ማስ ኢፌክት» ከስድስቱ ሙያዎች አንዱን በግልጽ መሐንዲስ ብሎ ሰየመው። የተቈለፈ ሣጥን ለመክፈት ከጓዶቹ ቢያንስ አንዱ ተገቢውን ችሎታ የያዘ መሆን ነበረበት። በ2010 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ቁልፉን ማንኛውም ሙያ በትንሽ የእጅ ጨዋታ ይከፍተዋል። ለመሐንዲሱ የቀረለት እሳት መወርወር፥ በረዶ መወርወር፥ የጠላትን መኪና ማሳበድና በራሪ ረዳት መላክ ነው። አንዱን ኃይል ከተጠቀመ በኋላም ሁሉም ኃይሎቹ አብረው ያርፋሉ፤ የጨዋታው አስማተኞች የሆኑት ባዮቲኮችም የሚገዙት በዚሁ ደንብ ነው። ልዩነቱ የልብሱ ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። ይህን ለውጥ የሚደግፉ ሰዎች፥ አንድን ጓድ ለሣጥን ሲባል ብቻ ይዞ መዞር አሰልቺ ነበር ይላሉ፤ አባባላቸውም ሐሰት አይደለም። መፍትሔው ግን ለመሐንዲሱ የሚበልጥ ሥራ መስጠት ነበር እንጂ የነበረውን ለሁሉ ማከፋፈል አልነበረም።

በዚያው በ2010ሩ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የቡድኑ አንድ አባል በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ በር እንዲከፍት ይላካል። ለዚህ ሥራ የሚበቁት ጓዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ታሊ፥ ሊጅንና ካሱሚ። ሌላ የላከ ሰው ያንን ጓድ ያጣል። ተጫዋቹ ግን ሙያው መሐንዲስ ቢሆንም እንኳ ራሱ እንዲገባ አይፈቀድለትም።