በአንድ ሰርቨር የሚኖሩ ድረ ገጾችና የደኅንነታቸው ጉዳይ

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ሲያሠራ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሰርቨር አይገዛም። ወጪው ስለሚከብድ ከአስተናጋጅ ድርጅት ቦታ ይከራያል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ድረ ገጾችም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ነገሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ እንደመኖር ነው፤ ውኃውና መብራቱ የጋራ ነው፤ የየክፍሉ ቁልፍ ግን የተለያየ መሆን አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ቁልፉ አንድ ሲሆን ነው። የዛሬ ድረ ገጾች ጽሑፍና ሥዕል ከማሳየት አልፈው ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ አባላትን ይመዘግባሉ፣ ዋጋ ያሰላሉ። ይህን የሚሠሩት ስክሪፕት የሚባሉ አነስተኛ ፕሮግራሞች ናቸው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራው በአንድ ተጠቃሚ ስም ነው፤ ለዚያ ተጠቃሚ ከተፈቀደለት ፋይል ውጭ ማንበብም ሆነ መጻፍ አይችልም። በዓለም በስፋት የሚሠራበት አፓቺ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ግን ሌላ ዝግጅት ካልተደረገለት የሁሉንም ደንበኞች ስክሪፕት በራሱ በአንድ ስም ያስኬዳል። ስለዚህ የአንዱ ደንበኛ ስክሪፕት የሌላውን የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል ሊያነብ ይችላል። ጎረቤቱ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሳያድሰው የተወው አሮጌ ስክሪፕት በሌባ እጅ መግባቱ ይበቃል። ሌባው ከዚያ ተነሥቶ የማኅበሩን የአባላት መዝገብ ሊወስድ፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በራሱ ሊተካ ይችላል።

ይህንን የሚያባብሰው «777» የተባለው ልማድ ነው። የፋይል ፈቃድ በሦስት አኃዝ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይደመራል። እንግዲህ 777 ማለት ማንም ያንብብ፣ ማንም ይለውጥ፣ ማንም ያስኪድ ማለት ነው። ስክሪፕቱ በሌላ ስም ስለሚሠራ ፎቶ ማስቀመጥ ሲያቅተው ባለሙያው ማኅደሩን በዚህ ቁጥር ይከፍተዋል። ፎቶው ወዲያው ይገባል፤ ሌላውም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው የአፓቺ 1.2 እትም ጋር የመጣው ሱኤግዜክ የተባለ መሣሪያ ለዚህ መፍትሔ አበጀ። ስክሪፕቱን በባለቤቱ ስም ያስኬዳል፤ ከዚያ በፊት ግን አጥብቆ ይመረምራል። የሰርቨሩ የበላይ አዛዥ በሆነው ሩት ስም ምንም አያስኬድም። የፋይሉ ባለቤት ከሚሠራበት ስም ጋር ካልተስማማ ይመልሰዋል። ስክሪፕቱን ወይም ያለበትን ማኅደር ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነም አያስኬደውም። በዚህ ምክንያት 777 የለመዱ ደንበኞች ገጻቸው ስሕተት 500 ብሎ ሲቆም ያማርራሉ። እንደ እኛ እይታ ግን ያ ስሕተት ውለታ ነው።

ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ የተጻፉ ስክሪፕቶች በአፓቺ ውስጥ ተዋሕደው ሲሠሩ በሱኤግዜክ በኩል አያልፉም። ቋንቋው ራሱ «ሴፍ ሞድ» በተባለ ገደብ ሊከላከል ሞክሮ ነበር፤ ሙከራው ስላልበቃ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 እትም ተሰረዘ። ዛሬ የተሻለው መንገድ ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ነው፤ ለየደንበኛው በየራሱ ስም የሚሠራ የተለየ ክፍል ያዘጋጃል።

ይህ ሁሉ ግን ደንበኛውን ከራሱ ስክሪፕት ቀዳዳ አያድነውም። እንዲያውም ስክሪፕቱ በባለቤቱ ስም ስለሚሠራ፣ የተጠለፈ እንደሆነ የባለቤቱን ፋይሎች በሙሉ ማጥፋት ይችላል። ጉዳቱ ወደ ጎረቤት አለመሻገሩ ነው ትርፉ። ስለዚህ ቦታ የሚከራይ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ «የእኔ ስክሪፕት የሚሠራው በማን ስም ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «በራስህ ስም» ከሆነ፣ የይለፍ ቃል የያዘውን የፒኤችፒ ፋይል 600 አድርጎ ከባለቤቱ በቀር ለሁሉም መዝጋት ይቻላል። የማይሠራባቸውን አሮጌ ስክሪፕቶችም ያጥፋ፤ የቀሩትን በየጊዜው ያድስ።