የኅዳር በሽታና የአስታማሚው ነገር

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባ በብርቱ ደዌ ተመታች። በዓለም ላይ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው ይኸው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ቀረ። በከተማይቱ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደ ሞተ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል፤ እርሳቸውም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳሉ በዚሁ በሽታ ክፉኛ ታመው የተረፉ ናቸው።

የከተማይቱ እምብርት በዚያን ጊዜ አራዳ ነበር። ገበያው ወደ መርካቶ ሳይዛወር፣ ሰፈሩም በጣልያኖች አፍ ፒያሳ ሳይባል፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ገዥና ሻጭ ይተራመስ ነበር። በዚያ ኅዳር ግን ሰው በየቤቱ ተኝቶ ከተማው ጭር አለ። ጭርታው ከፍርሃት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የአንጎልም ትእዛዝ ነበረበት።

ጀርም ወደ ሰውነት ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ኢንተርሊውኪን-1ን የመሰሉ መልእክተኞችን ያሠራጫሉ። መልእክቱ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ሲደርስ የሰውነት ሙቀት ልክ ከፍ ይላል፤ ሕመምተኛው ገላው እየተኰሰ «በረደኝ» የሚለው ስለዚህ ነው። ከዚያው ክፍል ሲ.አር.ኤች. የተባለው ሆርሞን ይመነጫል። እርሱም በፒቱታሪ ዕጢ በኩል አድርጎ አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል እንዲያፈልቁ ያደርጋል፤ ኮርቲዞልም የመከላከያው ቍጣ ከልክ እንዳያልፍ ይገታል። ሲ.አር.ኤች. ራሱ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ቤንጃሚን ሃርት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የታመመ እንስሳ መፍዘዙና አለመብላቱ የድካም ውጤት ብቻ ሳይሆን ለትኩሳቱ የሚያስፈልገውን ኀይል መቈጠቢያ ዘዴ መሆኑን አስረድቷል።

አማርኛ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ «ተኝቷል» ሲል ታሟል ማለቱ ነው፤ «አስታማሚ» የሚል ስምም አለው። ተኝቶ መዳን የሚቻለው እሳት የሚያነድ፣ ውሃ የሚያቀብል ሰው ሲኖር ነውና። በኅዳር በሽታ ጊዜ ግን ባልና ሚስት፣ ጌታና ሎሌ አብረው ወደቁ፤ አስታማሚው ራሱ በሽተኛ ሆነ። አንዱን ሕመምተኛ የሚያድነው ዕረፍት፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ሲተኛ ቤቱን ያለ ረዳት ያስቀራል። ሰው ከሳንባ ምች ሌላ በውሃ ጥምና በረኃብ የሚሞተው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በአላስካም በዚያው ወረርሽኝ እሳት የሚያነድ በመጥፋቱ በብርድ ያለቁ ነበሩ።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ጢስ፣ ከአራዳም ከሌላውም ሰፈር የሚነሣው፣ የዚያ ወር መታሰቢያ ነው።