ለኮሌጅ ትምህርት የወጣ ገንዘብ ከግብር ይቀነሳል?

ሐምሌ በገባ ቁጥር ከሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ ነጋዴዎች እስከ አዲሱ ገበያ ባለሱቆች ድረስ የጉለሌ ክፍለ ከተማ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሒሳብ ያሰናዳሉ። ከሚሰበሰቡት ደረሰኞች መካከል የልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ የመጻሕፍት ግዥ፣ የላፕቶፕ ዋጋም አይጠፋም። ትምህርቱ የሚከፈለው ከዚያው ከንግዱ ገቢ ስለሆነ ወጪው በሒሳቡ ውስጥ ሊያዝ ይገባል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ደመወዝተኛውም በበኩሉ ማታ ማታ ለሚማርበት ኮሌጅ የሚከፍለው ገንዘብ ከግብሩ ላይ እንዲታሰብለት ቢመኝ አይፈረድበትም።

የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ አይቀነስም። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተማሪው ራሱ፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ለከፍተኛ ትምህርት ያወጡትን ገንዘብ ከግብር የሚቀንስ ድንጋጌ የለውም። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሕጉ በሌላ በኩል የከፈታቸውን ጥቂት በሮች ለይቶ ማየት ይችላል።

በቅድሚያ ደመወዝተኛውን እንመልከት። በሠንጠረዥ «ሀ» የሚታየው ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብሩ የሚሰላው በወሩ ጠቅላላ ገቢ ላይ ሲሆን፣ ሠራተኛው ገቢውን ለማግኘት ያወጣው ወጪ ተቀናሽ አይሆንለትም። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ከግብር ነፃ ሆኗል፤ ቀድሞ ይህ ጣሪያ 600 ብር ነበር። እፎይታው ለሚማረውም ለማይማረውም እኩል ነው።

ነጋዴው ዘንድ ሁኔታው ይለያል፤ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ወጪ የመቀነስ መብት አለውና። መመዘኛው ግን ወጪው ገቢውን ለማግኘትና የንግድ ሥራውን ለማስቀጠል አስፈላጊ መሆኑ ነው። የልጅ የትምህርት ክፍያ የግል ወጪ ስለሆነ፣ ደረሰኙ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ በምርመራ ወቅት ውድቅ ይደረጋል፤ ከዚያም ያልተከፈለው ግብር ከወለድና ከቅጣት ጋር ይጠየቃል። በአንጻሩ ድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛውን ለሥራው በሚያስፈልገው ሥልጠና ላይ ቢያሠለጥን ወጪው በዚያው መመዘኛ ሊያዝ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር ይታያል። ያው የሒሳብ ሠራተኛ ያንኑ ሥልጠና ከራሱ ኪስ ከፍሎ ቢወስድ አንዲት ብር አይቀነስለትም። ሕግ አውጪው ወደፊት ሊያየው የሚገባ ክፍተት ይመስለናል።

በዓመታዊ ሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ግብር የሚከፍለው አነስተኛ ነጋዴ ወጪ መቁጠር ስለማይጠበቅበት ጥያቄው ከነአካቴው አይነሳለትም። ከእንጦጦ ማዶ ላለው የሱሉልታ ገበሬም ሆነ በአማራ ክልል ለሚገኘው አርሶ አደር መልሱ ተመሳሳይ ነው። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚመራው በየክልሉ ሕግ ሲሆን መሠረቱ የይዞታ ስፋት ነው፤ ልጅን ከተማ ልኮ ማስተማር በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ሕጉ ለትምህርት የሚያደርገው እገዛ የት ነው? አንደኛው በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ ነው። የትምህርት ተቋማት የሚሰጡት የትምህርት አገልግሎት ከዚህ ታክስ ነፃ ስለሆነ በወር 3,000 ብር የሚያስከፍል ኮሌጅ 15 በመቶውን፣ ማለትም 450 ብር፣ ጨምሮ ሊጠይቅ አይገባውም። ሁለተኛው በገቢ ግብር አዋጁ አንቀጽ 65 የሰፈረው ነው፤ በትምህርት ተቋም ለመማር በነፃ የትምህርት ዕድል የተገኘ ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም። ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚለግስ ነጋዴም ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ ሳይበልጥ ልገሳውን መቀነስ ይችላል። ለአንድ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ልጅ በግል የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ግን፣ የቱንም ያህል በጎ ቢሆን፣ በዚህ አይካተትም።

ግራ መጋባቱ የሚበረታው «መቀነስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ስለሚያመለክት ነው። ከግብር ላይ መቀነስ ጥቅም ነው፤ ከደመወዝ ላይ መቀነስ ደግሞ ክፍያ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሠራተኛ በየወሩ የሚቆረጥበት የወጪ መጋራት፣ በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው፣ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ሥርዓቱ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል መነሻ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ከጀመረችው ጋር ይቀራረብ ነበር፤ ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ አይከፍልም፣ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ግን ከገቢው ይከፍላል። ተማሪው የሚጋራው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከማስተማሪያ ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። ለዚህም ውል ይፈርማል። ብዙዎች ውሉን ሳያነቡ እንደሚፈርሙት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የቁጥሩ ክብደት የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የተማሪዎች የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ለተማሪው ማዕድ እፎይታ ነበር። በዓመት 300 ቀን ብለን ብናሰላ ግን 6,600 ብር የነበረው የምግብ ወጪ 30,000 ብር ይሆናል፤ በሥርዓቱ ስሌት ይህ የሚመዘገበው በተማሪው ዕዳ ላይ ነው።

ተመራቂው ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶውን ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ያስተላልፋል። በምሳሌ እንየው። በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ተመራቂ በአዲሱ ሠንጠረዥ የገቢ ግብሩ 2,250 ብር ነው፤ የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር፤ የወጪ መጋራቱ 1,200 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 7,710 ብር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ግብሩ የሚሰላው 1,200 ብሩ ከመነሣቱ በፊት በሙሉው 12,000 ብር ላይ መሆኑ ነው። ዕዳውን መክፈል ግብሩን አያቀልም።

በመምህርነት ለማገልገል የሠለጠኑ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራር አለ። በግል ኮሌጅ ወይም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን በቀጥታ ስለሚሸፍኑ በዚያው ክፍያ ላይ ሁለተኛ የወጪ መጋራት ዕዳ ሊመዘገብባቸው አይገባም።

ባሕር ማዶ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦችም የሚያነሱት ጥያቄ አለ። በአሜሪካ የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ለኮሌጅ የከፈለው ገንዘብ ከግብሩ እንደሚቀነስለት ሲናገር ይሰማል፤ እውነትነት አለው። በዚያ ሀገር ለመጀመሪያዎቹ አራት የኮሌጅ ዓመታት በአንድ ተማሪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ አለ፤ የትምህርት ክፍያንና የመማሪያ መጻሕፍትን ያካትታል፣ ምግብና መኝታን ግን አይጨምርም። ቅናሹ የሚሰጠው ግብር ከፋዩ ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛው ወይም በሕጉ መሠረት ጥገኛው ለሆነ ሰው፣ ያም የአሜሪካ መንግሥት የተማሪዎች እርዳታ በሚያውቀው ተቋም ለተከፈለ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን ለጉለሌ እኅቱ ልጅ የግል ኮሌጅ ክፍያ የሚልክ ዘመድ በአሜሪካም ቅናሽ አያገኝበትም። ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ቢያውቀው ይበጃል።

የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ተመራቂ ሊይዛቸው የሚገቡ ሰነዶች አሉ። በዩኒቨርሲቲው የፈረመው ውል ቅጂ፣ ተቀናሹ የተጻፈበት የየወሩ የደመወዝ ማስረጃ፣ በቀጥታ ከፍሎ ከሆነም የገቢዎች ደረሰኝ ናቸው። አሠሪው ቀንሶ ማስተላለፉን በየጊዜው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሥራ ሲለቅም የተቀነሰውን ድምር የሚገልጽ ደብዳቤ መቀበል ይኖርበታል። ዋናውን ዲግሪ ወይም ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለመውሰድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሲቀርብ በተግባር የሚጠየቀው ዕዳው መጠናቀቁን የሚያረጋግጥ ክሊራንስ ነው፤ ከቀድሞ አሠሪ ያልተላለፈ ክፍያ ካለ የሚታወቀው በዚያን ሰዓት ነው።