ጠገራ ብርና ዓመተ ምሕረቱ የሚሰውረው ታሪክ

ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ በሚገኙት አገሮች ሁሉ የማርያ ቴሬዛ ብር ለብዙ ዘመን የታወቀና የታመነ ገንዘብ ነበር። በአገራችንም ጠገራ ብር እየተባለ ሲነገድበት፥ ግብር ሲከፈልበት፥ ለሙሽራ ጥሎሽ ሲሰጥና ቀልጦ መስቀል ሲሠራበት ኖሯል። ዛሬ ግን ከገበያ ወጥቶ በአያቶች ሣጥንና በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች መደብር ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ማወቅ ለወረሰውም፥ ለሚገዛውም፥ ለሚሸጠውም ይጠቅማል። ከምኒልክ ብር በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን አስቀድመው ይረዱልን።

ማርያ ቴሬዛ በ1717 ተወልዳ ከ1740 እስከ 1780 ድረስ የኦስትሪያን ምድር የገዛች ንግሥት ናት። በስሟ የተሠራው ትልቁ የብር ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በአንደኛው ፊት የንግሥቲቱ መልክ፥ በሌላው ፊት ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል። ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ በ1765 ስለ ሞተ፥ በኋለኞቹ ብሮች ላይ ራሷን በመበለት ሻሽ ሸፍና፥ በትከሻዋ ላይ የዕንቍ ጌጥ አድርጋ ትገኛለች። ከመልኳ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፥ ኤስና ኤፍ፥ በጉንዝቡርግ ከተማ የነበረው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ናቸው።

ንግሥቲቱ በኅዳር 1780 ስታርፍ ገንዘቧም ከእርሷ ጋራ ማለፍ በተገባው ነበር። ነገር ግን የምሥራቅ ነጋዴዎች ይህን መልክ ለምደውት ስለ ነበረ፥ ሌላ መልክ ያለበትን ብር ለመቀበል እንቢ አሉ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ የሞተችውን ንግሥት መልክና የሞተችበትን ዓመት ሳይለውጡ ማተሙን ቀጠሉ። እነሆ ከዚያ ወዲህ በቪየናም ሆነ በሌሎች ከተሞች የተሠራው ሁሉ 1780 የሚል ቍጥር ይዞ ይወጣል። በጠቅላላው የታተመው ከ300 ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ ቪየናም ዛሬ ለሰብሳቢዎች ታትማለች። እንግዲህ በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ብሩ የተሠራበትን ዘመን አያስረዳም ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ብር ዝም ብለው አልተቀበሉም። ሻጩ ብሩን በእጁ መዝኖ፥ በራሷና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች አንድ በአንድ ይመለከት ነበር፤ ዕንቍዎቹ ተፍቀው ያልታዩበትንም ብር ይመልስ ነበር። ብሩ ለትንሽ ዕቃ መግዣ እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ ምንዛሪው አሞሌ ጨው ነበረ። የብሩም ክብደት ራሱ መመዘኛ ሆኖ ወርቅ በወቄት ሲመዘን የአንድ ብር ክብደት አንድ ወቄት ይባል ነበር።

የዚህን ብር ታሪክ እጅግ መራራ የሚያደርገው ግን በ1935 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ሙሶሊኒ የማተሚያውን መብት ከኦስትሪያ መንግሥት ለ25 ዓመት ተቀብሎ ማኅተሙን ወደ ሮማ አስመጣ። አገራችንን ለመውረር የሚያስፈልገውን ወጪ ሕዝባችን በሚያምነው በዚሁ ብር ሊከፍል አስቦ ነበርና። እንግሊዞች ደግሞ ከ1936 ጀምሮ በሎንዶን አተሙ፤ በ1940ና በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ጊዜ በቦምቤይ ብዙ ሚሊዮን ብር አስመቱ። ፓሪስና ብራስልስም አትመዋል። ስለዚህ የወራሪው ብርና የነጻነቱ ዘመቻ ብር አንድ መልክና አንድ ዓመት ይዘው በአንድ ገበያ ላይ ተገናኙ። የሚለያቸው የዕንቍዎቹ ቍጥርና ቅርጽ፥ የንስሩ ላባ አሠራርና የፊደላቱ አጣጣል ብቻ ነው። አዋቂ ሰብሳቢ አጉሊ መነጽሩን ይዞ የሚደክመው ይህን ለመለየት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው የአገራቸው ሰው በባዕድ ንግሥት መልክ መገበያየቱን ለማስቀረት፥ ክብደቱ ከጠገራው ጋራ የተካከለ ብር በፓሪስ አሠርተዋል። በ1887ና በ1889 ዓመተ ምሕረት በተጻፈባቸው ላይ ዘውድ የደፋው አንበሳ ግራ እግሩን፥ በ1892ና በ1895 በተጻፈባቸው ላይ ደግሞ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ይታያል። ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣው በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙው ብር በአንጥረኛ ምድጃ ቀልጧል፤ የቀረውም በእጅ ብዛት ተፍቋል። ከዚህ የተነሣ ጥርት ያለ የምኒልክ ብር ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለም።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የአንድ ብር ዋጋ የሚወሰነው በብዛቱና በይዞታው ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 ለአገሩ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ደረጃ አወጣ፤ ይህም ቈይቶ ለሌሎች ገንዘቦች ሁሉ ተለመደ። ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ያልዞረ፥ ከማተሚያው ሲወጣ የነበረው ጸዳል ያልጠፋበት ነው። ነገር ግን በጠገራ ብር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 1780 የሚል ተጽፎበት እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ብር ቢገኝ፥ ይህ ብዙውን ጊዜ በቅርብ ዘመን የታተመ እንጂ ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች የተሠራ አይደለም። ተሳላሚ ወንድሞችና እኅቶች በአሮጌ ከተሞች ገበያ ሲያልፉ «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ነው» የሚል ነጋዴ ቢገጥማቸው ዓመቱን ብቻ አይተው አይመኑ። በዐረብኛ የሒጃዝ ምልክት የተመታበት ብርም አለ፤ ነገር ግን ምልክቱን አስመስሎ የሚመታ ብዙ ስለ ሆነ ከአዋቂ ጋራ መማከር ይገባል።

ሌላው ምክር ለወራሾች ነው። በአሮጌ ብር ላይ የሚታየው ጥቍረት እድፍ ሳይሆን የዘመን ልብስ ነውና፥ በአመድም ሆነ በሎሚ አትፈትጉት። የተፈተገ ብር ለጊዜው ቢያበራም ዕንቍዎቹና ላባዎቹ ይሟሟሉ፥ ጭረቱም አይመለስም። ሲያነሡት ጠርዙን ብቻ ይዞ፥ በለስላሳ ወረቀት ወይም በጨርቅ ለብቻው ጠቅልሎ ከእርጥበት ማራቅ ይበቃል። የአንገት ማተብ እንዲገባበት ቀለበት የተበየደበት ብር በሰብሳቢ ሚዛን ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ቀለበቱ የአንዲት እናትን ጌጥ የሚያስታውስ ምስክር ስለ ሆነ ሊነቀል አይገባውም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ዋጋ ሌላ፥ ቤተ ሰብ የሚጠብቀው መታሰቢያ ሌላ ነው።

በዚህ ብር ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የንግሥቲቱ ቃል በላቲን ተቀርጿል። ጠርዙ ላይ የሚጻፈው ቀማኛ ብሩን እየፋቀ እንዳይሰርቅ ነው፤ ፊደሉ ከጐደለ ስርቆቱ ይታወቃልና። ያ ቃል በጦርነት ዘመን ከወራሪውም ብር ላይ አልጠፋም። ብሩ በማን እጅ ምን እንደ ሠራ የሚያውቀው ግን ጠብቆ የሚመረምር ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሣጥናችን ያለውን ጠገራ ከማቅለጣችንና በርካሽ ከመለወጣችን በፊት፥ ዕንቍዎቹን እንደ አባቶቻችን ቀርበን እንመልከት፤ ከማን እንደ ወረስነውም በትንሽ ወረቀት ጽፈን ከእርሱ ጋራ እናኑር። ዓመተ ምሕረቱ የማይነግረንን ለሚከተሉን ልጆች የሚነግራቸው ያ ወረቀት ይሆናል።