ከሣር ክዳን እስከ ኤሲ፦ ጋምቤላና ሙቀቷ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ የባሮ ወንዝን ዳርቻ ያነሳል። በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ጣቢያው ኋላ የተቆረቆረው ጋምቤላ ላይ ነው። ውሉ በተፈረመ በሁለት ወሩ፣ ሐምሌ 10 ቀን፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ለአንድ የኒውዮርክ ማተሚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ንድፉን አጠናቀቀ። ከተማዋና ማሽኑ እስኪገናኙ ግን ብዙ ዘመን አለፈ።

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይሻገራል። የአኙዋ ቤት ሠሪዎች ይህን አስበው ነበር የሚሠሩት፤ ወፍራም የሣር ክዳን፣ ፀሐይ ከግድግዳው እንዳትደርስ ዝቅ ብሎ የወረደ ጠርዝ፣ የጭቃ ግድግዳ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ቆርቆሮ የሣሩን ቦታ ወሰደ። ቆርቆሮ ዝናብ አያሳልፍም፣ ዘመንም ይቆያል፤ ኮርኒስ ከሌለው ግን እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱን በሰው አናት ላይ ያወርደዋል።

መብራት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሱዳን ነፃ የወጣችውም በዚያው ዓመት ነው። የጋምቤላ ኪራይ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የተሰጠ ስለነበር ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከተማዋ ግን ለረጅም ዘመን የኖረችው በናፍጣ ጄኔሬተር ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከደጋው ከወረደ በኋላ ቬንትሌተር፣ ፍሪጅ፣ በስተመጨረሻም ኤሲ ገባ።

ኤሲ ሙቀትን ከክፍሉ ስቦ ወደ ውጭ ይጥላል። በብርድ አገር ይኸው ማሽን ዞሮ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ቤት ያሞቃል።  የኤሌክትሪክ ሥራው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ ትልቁ ክፍተት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ሙያው አብሮት አልመጣም።

መካከለኛ የቤት ኤሲ፣ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው፣ በ220 ቮልት 6 አምፔር ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ እጥፍ በላይ ይስባል፤ ነገር ግን ተጋግሮ ሲያልቅ ይነቀላል። ኤሲ በበጋ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሲጨመር ላላ ያለው ሶኬት ቀስ በቀስ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የሽቦው ልባስ ይጠቁራል። ስለዚህ ኤሲ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ መስመር ያስፈልገዋል፤ ለመካከለኛው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለትልቁ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ። ብሬከሩም በሽቦው አቅም ልክ ይሁን። ቶሎ ቶሎ ወረደ ብሎ በትልቅ ብሬከር መቀየር እሳት መጥራት ነው። 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ደግሞ የሰው ሕይወት ያድናል።

ከሁሉ የሚዘነጋው የማሽኑን አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ኧርዝ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ የኤሲውን አካል ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ይሄዳል። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ፣ ደጅ የተሰቀለው የብረት ሳጥን ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ልጆች የሚጫወቱትም እዚያው ሥር ነው። በትክክል የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ እንኳ በክልሉ ሜዳ ላይ ፈተና አለበት። መረሬ አፈሩ በክረምት እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይሸሻል። ኤሲ ሌት ተቀን በሚሠራበት ወቅት ኧርዙ በጣም ይደክማል ማለት ነው።

በነሐሴ ተለክቶ ጥሩ የተባለ ኧርዝ ለየካቲት ዋስትና አይሆንም። ዘንጉ እርጥበት እስከማይጠፋበት ጥልቀት መግባት አለበት፤ አንዱ ካልበቃ ሌላ ተጨምሮ ከመጀመሪያው ጋር ይያያዛል። ኤሲ የሚያስገባ ቤተሰብ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥራ፤ ልኬቱም በደረቁ ወራት ይደገምለት፤ ቁጥሩ በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፍለት።